የሐመር የከብት ዝላይ የቤተሰቡ በዓል ሆኖ ይቀጥል፦ ለደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን የቢሮው ኃላፊዎች፤

በደቡብ ኦሞ ዞን በቱርሚና በዲመካ ዙሪያ የሚፈጸመው የከብት ዝላይ፣ ሐመሮች ኡኩሊ ቡላ የሚሉት፣ አንድ ወጣት ጎን ለጎን በቆሙ ከብቶች ጀርባ ላይ ሳይወድቅ ተመላልሶ በመሮጥ ለትዳር መብቃቱን በዘመዶቹ ፊት የሚያሳይበት ሥርዓት ነው። ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያሻም፤ የዝላዩ ፎቶግራፍ ከአገራችን የቱሪዝም ማስተዋወቂያዎች ጠፍቶ አያውቅምና። የምጽፈው ፎቶግራፉ ስለማያሳየው ጉዳይ ነው።

ቀኑን የሚቆርጠው ቤተሰቡ ነው። ለተጋባዥ ዘመድ ቋጠሮ ያለው ገመድ ይላክለታል፤ እሱም በየቀኑ አንድ ቋጠሮ እየቀነሰ የዝላዩን ዕለት ይጠብቃል። ዛሬ ገመድ ያልተላከለት እንግዳ በአስጎብኚ መኪና መጥቶ፣ ከፍሎ ገብቶ፣ ካሜራውን ደግኖ ከወጣቱ አክስቶች ፊት ይቆማል። ለታዳሚው ሁሉ ቦርዴውንና ከቡና ገለባ የሚፈላውን መጠጥ የሚያቀርበው ደጋሹ ቤተሰብ ሆኖ ሳለ፣ ከጎብኚ የሚሰበሰበው ገንዘብ በደላላና በአስጎብኚ እጅ የሚቀርበት መንገድ ክፍት መሆን የለበትም። ስለዚህ የጎብኚውን ቁጥር፣ የሚቆምበትን ስፍራና የክፍያውን ድርሻ ቤተሰቡና የአካባቢው ሽማግሌዎች የሚወስኑበት፣ አስጎብኚዎችንም የሚያስገድድ መመሪያ እንዲወጣ እጠይቃለሁ።

ከዚህ የሚከብደው የግርፋቱ ነገር ነው። የወጣቱ እህቶችና ሴት ዘመዶቹ፣ ዘልለው ገና ያላገቡት ማዛዎች እንዲገርፏቸው ራሳቸው ይጠይቃሉ፤ ጠባሳውም በችግር ቀን ወንድምን መጠየቂያ ውል ተደርጎ ይታያል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 መንግሥት ሴቶችን ከጎጂ ልማድ የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ሲደነግግ፣ በአንቀጽ 91 ደግሞ መሠረታዊ መብቶችን የማይቃረኑ ባህሎችን እንዲደግፍ ያዝዛል። በእኔ እምነት ከላይ የሚወርድ ክልከላ ግርፋቱን ከመንገድ ርቆ ወዳለ መንደር ከማሸሽ አያልፍም። ሆኖም ቢያንስ ለጎብኚ ዓይን ሲባል ግርፋት እንዳይቀርብና ፎቶው ለማስተዋወቂያ እንዳይውል ማድረግ የማንንም ባህል አይነካም (ይህን ለመወሰን አዲስ ሕግ የሚያስፈልግም አይመስለኝም)። ጠባሳው የሚናገረውን የወንድምና የእህት ውል በሌላ ምልክት መተካት ይቻል እንደሆነ ግን መመለስ ያለባቸው ራሳቸው የሐመር ሴቶች ናቸው፤ ምክክሩም በሐመርኛ፣ ወንዶች ሽማግሌዎች ብቻ በማይናገሩበት ጉባኤ ይካሄድ።

ትምህርት ቤት የገቡ ወጣቶችም የዝላያቸው ቀን ከፈተና ጋር ሲጋጭባቸው ከሁለቱ አንዱን ለመተው እንዳይገደዱ፣ ከዞኑ ትምህርት መምሪያ ጋር ተነጋግራችሁ የፈቃድ ሥርዓት እንድታበጁላቸው፣ ስለ ሁሉም ነጥቦች ውሳኔያችሁንም ለሕዝብ በጽሑፍ እንድታሳውቁ በአክብሮት እጠይቃለሁ።