የጥላው ዘርፍ የማን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እኔ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ በርና መስኮት የምበይድ ሰው ነኝ። ለጋዜጣ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ፊደል ከሳትኩ አርሙልኝ፣ ሐሳቡን ግን አትንኩብኝ።

በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲደርስ ስለ ቁልቢ ገብርኤል ይጻፋል። ምን ያህል ሕዝብ እንደመጣ፣ መንገዱ እንዴት እንደተጨናነቀ፣ ምን ያህል ስለት እንደገባ። ጥሩ ነው፣ እኔም አነባለሁ። ያ ስለት ከማን ኪስ እንደወጣ ግን ሲጻፍ አይቼ አላውቅም። ስለሌላው ሰው ማውራት ሐሜት ይሆንብኛል፤ የራሴን ልንገራችሁ።

ባለቤቴ ሁለተኛ ልጃችንን ስትወልድ ብዙ ደም ፈሰሳት። ያን ሌሊት ኮሪደር ላይ ቆሜ "ገብርኤል፣ ብቻ ሁለቱን በሰላም አውጣልኝ፣ ባለ ዘቦ ጥላ ይዤ ቁልቢ እመጣለሁ" አልኩ። በሰላም ወጡ። ስለት ደግሞ እዳ ነው፤ እኛ ቤት ከባንክ እዳ በላይ ይፈራል። እናቴ በሳምንት አንዴ "ጥላውስ?" ትለኛለች፤ እኔም ከዚህም ከዚያም እያልኩ አጠራቀምኩ።

ልገዛ ስሄድ ዋጋው ጨምሮ ጠበቀኝ። ዘርፍ የሌለው፣ ማለትም ዙሪያውን የሚንጠለጠለው ጌጥ የሌለው፣ በያዝኩት ብር ይገዛል፤ ዘርፍ ያለው አይገዛም። ዘርፍ የሌለው ጥላ ይዤ ቁልቢ ልውጣ? ሰው ምን ይላል? (ሰው ነው ያልኩት። ገብርኤል ምን ይላል አላልኩም። ይህን ልብ ያልኩት በኋላ ነው።)

አብሮኝ የሚሠራ አንድ ልጅ አለ። ግራይንደር ይይዛል፣ ቀለም ይቀባል፣ አሁን አሁን ብየዳውንም ለምዷል። ሂሳቡን የሚወስደው በየ15 ቀኑ ነው። ታኅሣሥ 15 ቀኑ ደረሰ። 4,500 ብሩ ለብቻው ተቆጥሮ ኪሴ ውስጥ ነበር። ማታ እጁን ታጥቦ፣ ቦርሳውን አንግቶ በሩ ላይ ቆመ። ሂሳብ ሲፈልግ እንዲያ ነው። አፍ አውጥቶ አይጠይቅም፤ የብየዳ መነጽሩን ላስቲክ ሳብ ለቀቅ፣ ሳብ ለቀቅ እያደረገ ይቆማል።

"ከቁልቢ መልስ እሰጥሃለሁ፣ የገብርኤል ስለት አለብኝ" አልኩት።

ልጁ ሙስሊም ነው። ፈገግ ብሎ "ችግር የለም ጋሼ፣ ጂብሪልን እኛም እናውቀዋለን" አለኝና ሄደ። ደስ አለኝ አቦ! የድሬ ልጅ ማለት ይሄ ነው እያልኩ ማታ ለባለቤቴ ሳወራላት አመሸሁ። ጥላው ከነዘርፉ ተገዛ።

በ18 ማታ ተነሳን። የደንገጎን ዳገት ስንወጣ የድሬ ሙቀት ወደ ኋላ ቀረና ሁሉም ጋቢውን መፈለግ ጀመረ። በእግሩ የሚሄደው ሰው በመንገዱ ዳርና ዳር ተሰልፏል፤ ድንጋይ ያዘለም አለ። ከፊታችን አንድ አይሱዙ የስለት በጎች ጭኖ ዳገቱን ይንፏቀቃል። በጎቹ ይጮኻሉ። ማለፍ ስላልቻልን ከኋላው ሆነን ያን ጩኸት እየሰማን ሄድን።

እናቴ ዞር ብላ "የልጁን ሰጠኸው?" አለችኝ።

"ከመልስ" አልኳት።

ዝም አለች። እናቴ ዝም ስትል ነገር አለ ማለት ነው። ትንሽ ቆይታ፣ ወደ አይሱዙው እያየች፣ "ሳኦልም በግ ነበረው" አለች። ከዚያ በኋላ ቁልቢ እስክንደርስ አንድ ቃል አልወጣትም።

ታሪኩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 15 ላይ ነው። ሳኦል ከአማሌቅ ምንም እንዳያስቀር ታዝዞ ነበር። እሱ ግን የሰቡትን በጎችና በሬዎች አስቀረ። ሳሙኤል ሲመጣ "ታዲያ ይህ የምሰማው የበግ ጩኸት ምንድን ነው?" ብሎ ጠየቀው። የሳኦል መልስ ምን ነበር? ለእግዚአብሔር ልንሠዋቸው ነው። መልሱ እኮ ያምራል! እኔም ለልጁ የሰጠሁት መልስ ይሄው ነበር። ሳሙኤል ግን መታዘዝ ከመሥዋዕት ይበልጣል አለው፤ ሳኦልም መንግሥቱን ያጣው በዚሁ ነው።

በነጋታው ጥላዬን አስገባሁ። ዘርፉ ፀሐይ ላይ ሲያብረቀርቅ ሰው ዞር ዞር ብሎ አየልኝ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደስ ብሎኛል።

በ20 ተመልሰን ለልጁ ደወልኩ። ስልኩ ዝግ ነው። ማታም ዝግ። ጠዋት ሥራ ሲገባ "ምን ሆነህ ነው ስልክ የዘጋኸው?" ብዬ ተቆጣሁት፤ እኔ ነኝ የተቆጣሁት እንግዲህ! "ሸጥኩት ጋሼ። የቤት ኪራይ ቀኑ አልፎብኝ ነበር" አለኝ። ታይዋን ገበያ ወስዶ በርካሽ ሸጦታል። አልተቀየመም፣ ነገሩን እንደ ተራ ወሬ ነው የነገረኝ። ይህን ጊዜ ግራይንደሩን አስነስቶ ሥራውን ጀምሯል።

ከጎናችን ሱቅ ያላቸው ሀጂ ሁሉንም ሰምተዋል። ጠሩኝና "አንተ ልጅ፣ በእኛ እኮ ለሠራተኛ ላቡ ሳይደርቅ ክፈሉት ነው የሚባለው። የእናንተ መጽሐፍ ምን ይላል?" አሉኝ። ሊከራከሩኝ አልነበረም የጠየቁኝ፣ የምር ሊያውቁ ፈልገው ነው። አላውቅም ማለት አፈርኩና "እጠይቃለሁ" አልኳቸው። ማታ ስፈልግ ዘሌዋውያን 19 ቁጥር 13 ላይ አገኘሁት፦ የሠራተኛህ ዋጋ እስከ ነገ ድረስ አንተ ዘንድ አይደር ይላል። እስከ ነገ! እኔ 6 ቀን ነው ያሳደርኩት። ያውም ከ7ቱ አጽዋማት አንዱን፣ የነቢያትን ጾም፣ እየጾምኩ። ዘይት በዝቷል ብዬ ወጥ የምመልስ ሰው ነኝ እኮ!

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አእምሮዬ ውስጥ ይመላለሳል። ስለት ላይ የሚወስነው ማነው? እኔ ነኝ። ምን እንደምሰጥ፣ መቼ እንደምሰጥ፣ ዘርፍ ይኑረው አይኑረው፣ ሁሉንም እኔ እወስናለሁ። ትእዛዝ ላይ ግን እኔ አልተጠየቅኩም። ለዚህ ይመስለኛል ስለት የሚጣፍጠን። ደሞ ስለትን ሰው ያየዋል፤ ሆ እየተባለ፣ እልል እየተባለ ነው የሚገባው። ለብየዳ ሠራተኛ በሰዓቱ ደሞዝ ስለከፈለ እልል የተባለለት ሰው ካለ ንገሩኝ።

የሚገርመው ደግሞ የታኅሣሥ 19 በዓል ራሱ የትእዛዝ በዓል ነው። የሦስቱ ልጆች የአናንያ፣ የአዛርያና የሚሳኤል ታሪክ እኮ ነው የሚነበበው። እሳት ውስጥ የተጣሉት ለምንድን ነው? ለምስል አትስገድ የሚለውን ትእዛዝ ጠብቀው። ለንጉሡ የመለሱለትን ደግሞ ዳንኤል 3 ላይ ተመልከቱ። አምላካችን ሊያድነን ይችላል አሉ፤ ባያድነንም ግን ለምስልህ አንሰግድም አሉ። ባያድነንም! እኔ ኮሪደር ላይ ቆሜ "ካወጣህልኝ" ነው ያልኩት። እነሱ "ባያወጣንም" አሉ። እኔ የነሱን በዓል ላከብር ነው ጥላ ይዤ የወጣሁት።

ስለት ይቅር እያልኩ አይደለም፣ እንዳትሳሳቱብኝ። ቁልቢ ራሱ የስለት ቦታ ነው። ራስ መኮንን ከሐረር ጦራቸውን ይዘው ወደ አድዋ ሲዘምቱ ተስለው፣ በ1888 ከተገኘው ድል በኋላ ቤተ ክርስቲያኑን እንዳሠሩት ነው የሚነገረው። የተሳልከውን ለመክፈል አትዘግይ የሚለውም መጽሐፉ ራሱ ነው። የኔ ጥያቄ በሌላ ሰው ብር ስለት ይከፈላል ወይ ነው።

ይህን ሳወራ አንድ ጴንጤ ወዳጄ "እኛ እኮ የምንድነው በጸጋ ነው፣ ትእዛዝ ቆጥረን አይደለም" አለኝ። ይሁን። እሱ ጋ የምትሠራዋ ልጅ ደሞዟ ስንት ቀን እንዳለፈ ብጠይቀው ግን ሳቀና ርዕስ ቀየረ። በዚህስ አንድ ሆነናል።

ማቴዎስ 5 ላይ መባህን ስታቀርብ ወንድምህ የሚያዝንብህ ነገር እንዳለ ትዝ ካለህ መባህን እዚያው ትተህ ሂድ፣ መጀመሪያ ታረቅ ይላል። መሠዊያው ጋ ከደረስክ በኋላ እንኳ ተመለስ ነው የሚለው። እኔ ገና ደንገጎ ላይ ነበርኩ። እናቴ ስትጠይቀኝ ሾፌሩን "አውርደኝ" ብዬ በሚወርድ መኪና ብመለስ ከአንድ ሰዓት ብዙም ሳላልፍ ድሬ እገባ ነበር። ሰው ምን ይላል ብዬ ነው የቀረሁት። እንደገና ሰው!

እና ልመናዬ ይህ ነው። ሐምሌ 19 ደግሞ እየመጣ ነው። ጋዜጠኛ ወደ ቁልቢ ስትልኩ ስለት የያዘውን ሰው "ምን ተስለህ ነው?" ብሎ ብቻ አይለፈው። "ቤትህ የምትሠራው ልጅ ደሞዟን ወስዳለች? የቀን ሠራተኛህስ?" ይበለው። የሚቆጣ ይኖራል። እኔንም በ18 ማታ ብትጠይቁኝ በእርግጠኝነት እቆጣ ነበር። ሰባኪዎቻችንም ስለ ጾሙ በሚያስተምሩበት ልክ ስለ ደሞዝ ቢያስተምሩን አይከፋም፤ አውደ ምሕረቱ ስር ከምንቀመጠው ውስጥ አሠሪው ቀላል አይደለም።

እኔ አሁን የምከፍለው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፣ ከምሳ በፊት። ስልኩን መልሼ ልግዛለት ብዬ ታይዋን ሁለት ቀን ዞሬ አጣሁት፤ ሌላ ገዛሁለት። አሮጌው ይሻል ነበር አለኝ፣ ፎቶዎቹ እዚያ ውስጥ ቀርተውበታል።

ፎቶ አንሺያችሁ ሐምሌ ላይ ቁልቢ ከሄደ ደግሞ አንድ ነገር ላስቸግር። ቀይ ጥላ ነው፣ ዘርፉ ወርቃማ፣ ከወደ እጀታው ትንሽ የብየዳ ጭረት አለበት፤ ሱቄ ውስጥ ሳስቀምጠው የነካሁት ነው። ካገኘው ያንሳልኝ። ልጁ "ጋሼ፣ የኔን ዘርፍ መቼ ነው የምታሳየኝ?" እያለ በየሳምንቱ ይቀልድብኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
በር የሚበይደው አንባቢያችሁ
ሳቢያን፣ ድሬዳዋ