ይድረስ ለእህትዓለሜ

የምወድሽ እህትዓለሜ፣ ለጤናሽ እንዴት ሰንብተሻል? እኔም እማዬም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም። እማዬ ቡና ባፈላች ቁጥር ታነሳሻለች፤ በረካው ላይ ስትመርቅም «ያችን ልጅ ባለችበት ሰላሟን አብዛላት» ሳትል አትጨርስም። ከተጻጻፍን ስንት ጊዜያችን! በመሀሉ ጦርነት አለፈ፤ መብራትና ስልክ ጠፍቶ ማን እንዳለ ማን እንደሌለ ሳንተዋወቅ የከረምንበት ጊዜ ነበር። እሱን ስትመጪ ቁጭ ብለን እናወራዋለን። ዛሬ የናፈቀኝ የጥንቱ ወሬያችን ነው፦ ምን አየሽ? ምን ሰማሽ? የቱን ወደድሽ?

እኔ ልጀምር። የማሕሙድ አሕመድን ስንብት አየሽው? ጥር 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሚሊኒየም አዳራሽ የተደረገውን ማለቴ ነው። እዚያው ስላለሽ ገብተሽ ይሆናል ብዬ ስቀናብሽ ነበር፤ እኔ ቁርጥራጩን በስልክ እየለቀምኩ ነው ያየሁት። መርካቶ ጫማ ሲጠርግ ያደገ ልጅ፣ 83 ዓመት ሞልቶት፣ በገዛ ድምፁ ሕዝቡን ሲሰናበት ሳይ እንባዬ መጣ። እኛ አገር ዘፋኝ የሚመሰገነው ከተቀበረ በኋላ ነው። ሙሉቀን መለሰ ሚያዝያ 2016 አሜሪካ ሲያርፍ ስንቱ ካሴቱን ከሣጥን እያወጣ እንዳለቀሰለት አትረሽውም፤ እሱ ግን ዓለማዊ ዘፈን ትቶ መዝሙር ከያዘ ስንት ዘመኑ ነበር። ያ ሁሉ ፍቅር በቁሙ ቢነገረው ምን ነበረበት? ማሕሙድ ይህን በዓይኑ አይቶታል፤ እሰየው ብያለሁ።

ቀጥሎ የሙላቱ አስታጥቄ አልበም መጣ፤ መስከረም 2018 የወጣው። የጥንት ሥራዎቹን ነው መልሶ የተጫወታቸው። አዲስ ዜማ ጠብቀው ቅር ያላቸው ሰዎች አጋጥመውኛል፤ እኔ አልስማማም። ያው የምናውቀው ዜማ ክራሩና ማሲንቆው ወደ ፊት ወጥተው ሲሞግቱት ሌላ ነፍስ ያገኛል። ሌሊት፣ ቤቱ ሁሉ ከተኛ በኋላ ስሚው። ባጃጅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚለቀቀው የሰሞኑ ዘፈን ግን አብዛኛው አይገባኝም። ግጥሙ ሳያልቅ ዜማው ያልቃል፤ ድምፁም በማሽን ከመስተካከሉ የተነሳ የትኛው የማን እንደሆነ አልለይም። ደህና ልጆች የሉም ማለቴ አይደለም፤ አሉ፣ ትዝታ ሲሞክሩ ሰምቼ ቆሜ የቀረሁበት ቀን አለ።

ይህን ሁሉ ስሰማ አንድ ነገር ይመላለስብኛል። ማሕሙድ ወሎዬ አይደለም፤ ሙላቱም የተወለደው ጂማ ነው። የሚመላለሱበት ቅኝት ግን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ነው። ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስታንቆረቁረውማ ደሴ ተቀምጬ ደሴ ትናፍቀኛለች። ዛሬ ለንደንና ፓሪስ ሆኖ እነዚህን ቅኝቶች በጆሮው የሚለይ ፈረንጅ ሞልቷል። ያ ሰው ግን ሰኞ ሰኞ አፋሩ ግመሉን እየነዳ፣ ኦሮሞውና አማራው እህሉንና ከብቱን ይዞ ባቲ ገበያ ላይ ሲገናኝ አይቶ አያውቅም። ከሐይቅ ወደ ውጫሌ ሲኬድ አምባሰል ተራራ ሥር የሚያርሰው ገበሬ ምን ብሎ እንደሚያመሽ አልሰማም። ድምፃችን ዓለምን ዞሯል፤ ኑሯችንን በፊልም ያየ ስንት ነው?

ቴሌቪዥን ካነሳን፣ እማዬ የቱርኩን ድራማ ዛሬም አልተወችውም፤ ቃና በ2008 ሲጀምር የያዛት ፍቅር እስካሁን አለ። ለምን እንደምትወደው አብሬያት እየተቀመጥኩ አጥንቼዋለሁ። አማርኛው ከአፋቸው ባይገጥምም ግድ የላትም። የምትወደው አለመቸኮሉን ነው። ራት ሲቀርብ ራቱ ይበላል፤ አማት ስትቆጣ ቁጣው አድሮ ይከርማል፤ ልጅ ያባቱን እጅ ሲስም ካሜራው ይጠብቀዋል። የኛዎቹ አብዛኞቹ ቪላ ሳሎን ውስጥ ተጀምረው ሆስፒታል አልጋ ላይ ያልቃሉ። ሰው ሥራ ሲሠራ አይታይም፤ እንጀራ የሚጋገርበት ጓዳ የላቸውም። ከዚህ የማወጣው አርትስ ቴሌቪዥን ላይ የታየውን የቅድስት ይልማን «እረኛዬ» ነው። እዚያ ውስጥ ገጠሩ ሰው አለው፤ ሴቶቹ ይመክራሉ፣ ይቆጣሉ፣ ነገር ያውቃሉ። አንዳንዱን ክፍል ደግሜ አይቼዋለሁ፣ አሁንም ቢደገም አየዋለሁ።

የወሎ ልጅ በድራማው ሁሉ እንዴት ሆና እንደምትመጣ ግን ልብ ብለሻል? ወይ የምታፈዝ ቆንጆ ናት፣ ወይ እስክስታ መቺ፣ ወይ አነጋገሯ የሚያስቅ የቤት ሠራተኛ። ቁንጅናው እውነት ነው፤ ጭፈራውም የኛው ነው፤ አልጠላሁትም። የሚያመኝ በአነጋገራችን መሳቁ ነው። እናቴ ልጇን ቀብራ የመጣችን ጎረቤት የምታጽናናው በዚያው አነጋገር ነው። ሽማግሌዎቻችን ደም የተቃባ ያስታረቁት በሱ ነው። በዚያ አነጋገር የሚያዝን፣ የሚቆርጥ፣ ሰው የሚመራ ባለታሪክ ማየት እፈልጋለሁ።

ከፊልም «ላምብ»ን ደግሜ አየሁት፤ ያሬድ ዘለቀ የሠራውን። እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ፌስቲቫል በይፋ ተመርጦ የታየ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም እሱ ነው። ታሪኩ ትንሽ ነው። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም የሚባል ልጅ አለ፤ አባቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ሲሄድ ዘመድ ቤት ይተወዋል። ልጁ ከበጉ በቀር ወዳጅ የለውም፤ አጎትየው ደግሞ በጉን ለበዓል ሊያርደው ያስባል። ኤፍሬም ወጥ መሥራት ይወዳል፤ ወንድ ልጅ ጓዳ ምን ያደርጋል እየተባለ ይወቀሳል። በቃ፣ ይኸው ነው። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ»ም ትልቅ ፊልም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ያገኘ። እሱ ግን የአንድ ትውልድን ዕዳ ሁሉ ጫንቃው ላይ ተሸክሞ ነው የሚሄደው፤ ሳየው ደክሞኝ ነው የምነሳው። «ላምብ» አንዲት በግ ይዞ ልቤ ውስጥ ገባ።

አሁን ወደሚከነክነኝ ልምጣ። ሰሞኑን ዩቲዩብ ላይ የ66ቱን ረሃብ ምስሎች ስናይ ነበር። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ መጥቶ የቀረጸው ጥቅምት 1966 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ደርግ ደግሞ መስከረም 1 ቀን 1967፣ የዘመን መለወጫ ዕለት ማታ፣ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር አቀላቅሎ ለአገሩ ሕዝብ አሳየው፤ በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። ደግሞ ጥቅምት 1977 ላይ፣ ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ከነበረችው ከኮረም ሌላ ምስል ወጣ፤ በመሐመድ አሚን ካሜራ፣ በማይክል በርክ ዘገባ። ዓለም እሱን አይቶ ዘፈነልን፣ እህል ላከልን። ምስሎቹ ነፍስ አድነዋል፤ ቀራጮቹን አላህ ይስጣቸው። እማዬ በ66 ልጅ ነበረች። አጠገቤ ተቀምጣ፣ ወደ ስልኩ ጠጋ ብላ፣ የምታውቀው ሰው ካለ ብላ ፊት ፊታቸውን ትፈልግ ጀመር። ስም አይጠራም። የማን ልጅ ነው? አገሩ ወረኢሉ ነው፣ ራያ ነው፣ ቃሉ ነው? ከዚያ በፊት ማንን ሊያገባ ነበር፣ ሠርግ ላይ ምን ይዘፍን ነበር?

እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ወሎ በዘፈን ፍቅር ነው፣ በፊልም ረሃብ። በሁለቱ መሀል ያለውን፣ እኔና አንቺ ያደግንበትን ኑሮ የሚያሳየን አጣሁ።

አንቺ ድርሰት የምትጽፊ ሰው ነሽ። ወይዘሮ ስህን ስንማር ለድራማ ክበቡ የጻፍሽውን እስከ ዛሬ የሚያነሱ አሉ። እና እለምንሻለሁ፣ ይህን ጻፊው። ሰፈራችን ውስጥ ዐረብ አገር ልጅ የሌለበት ቤት ብትፈልጊ ይደክምሻል። እናቶች ቡና ሲያፈሉ ስልኩን ረከቦቱ ዳር ያቆሙታል፤ ኢሞው ተከፍቶ ልጅቱ ከሪያድ ወይ ከጅዳ የሲኒውን ድምፅ ትሰማለች፣ ማን መጣ ማን ቀረ ትጠይቃለች። መሀል ላይ እመቤቲቱ ትጠራትና ስልኩ ይዘጋል። አቦሉ ግን በስሟ ይቀዳል፤ ቶናውም። አንዱ ፊልም ከዚህ ይነሳ። ሌላው ውስጥ የእናንተ ቤት ለቅሶ ይግባ። አባትሽ ያረፉ ጊዜ ድንኳኑን የተከሉት የኛ ቤት ወንዶች ነበሩ፤ ቄሱና ሼሁ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነው ያመሹት፤ ማንም ተደንቆ ዘወር ብሎ አላያቸውም። ስትጽፊው ግን መቻቻል ምናምን እያልሽ እንዳትሰብኪበት አደራ። ንፍሮውን ይቆርጥሙ፣ ስለ ዝናቡ ያውሩ፣ ይበቃል። ማጀቢያውንም ኪቦርድ አታድርጊበት፤ መንዙማና ድቤ ያለበት አገር ነው።

አሠሪዎቹ ገበያ የለውም እንደሚሉሽ አውቃለሁ። የኢስታንቡልን የራት ገበታ ዓመት ሙሉ በትዕግሥት ያየች እናት የባቲን ገበያ አታይም የሚለኝ ሰው ካለ አላምነውም። እኔ የማውቃቸው ሴቶች ሁሉ ያዩታል። ደሴ የሚታይበትን ቀን ብቻ ንገሪኝና አዳራሹን የመሙላቱን ነገር ለኔ ተይው።

የጀመርሽው ካለ ሳታሳምሪ እንዳለ ላኪልኝ፤ አነጋገሩን እማዬ ታቃናዋለች። ለመውሊድ ከመጣሽ ጀማ ንጉሥ አብረን እንሄዳለን፤ መንዙማው ሌሊቱን ሙሉ ስለሚወርድ ድምፅ መቅጃ እንዳትረሺ። ደግሞ ጄሲካ በሺር ሐረር ላይ በጥቁርና ነጭ የሠራችውን «ፋያ ዳዪ» በፍላሽ ጭነሽ አምጪልኝ፤ እዚህ ላገኘው አልቻልኩም። እናትሽን ጉልበት ሳሚልኝ፣ ልጆቹንም። የማሕሙድ ዕለት አዳራሹ ውስጥ ከነበርሽ ደግሞ የትኛው ዘፈን ላይ እንዳለቀሽ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ እኔ ትዝታው ላይ ነው።

እህትሽ፣
ከደሴ