«ምን ጠፍቶሽ ነው?» ለምትሉኝ ሁሉ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የመዝናኛ ገጻችሁን ሳላነብ አላልፍም፤ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። መዝናናት ስትሉ ሁሌ ሐይቅ ዳር ያለ ሪዞርት ነው። ፎቶው ላይም ሁሌ ባልና ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር ናቸው። እኔ 53 ዓመቴ ነው። ጅማ፣ ሄርማታ ብቻዬን እኖራለሁ። ባለቤቴ ካረፈ ሰነባብቷል፤ ልጄም አግብታ ሐዋሳ ነች። ደመወዜ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ደመወዝ ነው። ከዚህ በላይ ማብራራት ያለብኝ አይመስለኝም።

የሥራ ቀን አያስቸግርም። ቢሮ አለ፣ ጎረቤት አለ፣ እድር አለ፣ ለቅሶም አይጠፋም። የሚከብደው እሁድ ነው። ከቅዳሴ መልስ ያለው ሰዓት አልገፋ ይላል። ቡና እንዳላፈላ፣ ለአንድ ሰው ረከቦት አይዘረጋም። ጎረቤት እንዳልጠራ፣ እሁድ ሁሉም ከቤተሰቡ ጋር ነው። ወንዶቹ ቢያንስ ጫት ቤትና ድራፍት ቤት አላቸው (ጥቅሙን እነሱው ይንገሯችሁ)። ለእኛ የቀረልን ቴሌቪዥን ነው።

«ወጣ በይና ተናፈሺ» ይሉኛል። አፍ ላይ ይቀላል። በእኛ ከተማ ግን በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ያለ ጉዳይ መንገድ ላይ ከታየች ማን ዝም ይላታል? ዘንቢል ከያዘች ገበያ ናት። ነጠላ ካጣፋች ቤተ ክርስቲያን ወይ ለቅሶ ናት። እጇ ባዶ ከሆነ ግን «ወዴት ነሽ? በሰላም ነው?» ይመጣል። ለዚህ ነው ለብቸኛ ሰው ከገንዘብ በፊት ሰበብ ያስፈልገዋል የምለው።

የእኔ ሰበብ ወፍ ማየት ሆነ። አትሳቁ። የሚያስፈልገው የተማሪ ደብተር፣ እስኪርቢቶና ጃንጥላ ነው። ጃንጥላው የግድ ነው፤ ጅማ ዝናቧን ሳታስጠነቅቅ ነው የምታወርደው። ወጪ አለው ከተባለ ቦቲ ጫማው ነው። በስልክ ፎቶ አነሳለሁ ብላችሁ አትልፉ፤ ወፏ ነጥብ ሆና ነው የምትወጣው። ማየትና መጻፍ ይበቃል። ቀኑን፣ ቦታውን፣ መልኳን፣ ምን ስትሠራ እንዳገኘኋት እመዘግባለሁ። መቼም የመዝገብ ቤት ሰው አመሉን አይተውም።

በአገራችን ከ850 በላይ የወፍ ዓይነት አለ። ብዙውን ለማየት ሩቅ መሄድ አይጠይቅም። ጋጋኖ የቢሮአችን ግቢ ሣር ላይ አለች። ቆልማማውን መንቁሯን መሬት ውስጥ እየሰካች ትል ታወጣለች። አንገቷ ሥር ቀጭን ቆዳ ተንጠልጥሎባታል። ስትነሣ የምትጮኸው ጩኸት ስብሰባ ያቋርጣል። ስንት ዓመት በአጠገቧ ሳልፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ እንደማትገኝ አላውቅም ነበር።

ትልቁ ቦታ ግን ቦዬ የሚባለው ረግረግ ነው። በአዲስ አበባ መውጫ በኩል ነው፤ ታክሲና ባጃጅ ያደርሳል። ረግረጉ ላይ ወርቅማ የላባ ዘውድ የደፋች፣ ረጅም እግር ያላት ትልቅ ወፍ አለች። ክረምት ላይ ከባሏ ጋር ነው የምትታየው፤ እሷም ብቻዋን አትዞርም። ከመስከረም ወዲህ ደግሞ ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ እንግዶች አሉ። ጭራዋን የምትነቀንቅ፣ ደረቷ ቢጫ የሆነ ትንሽዬ ወፍ ከብቶቹ እግር ሥር እየሮጠች የተነሣውን ነፍሳት ትለቅማለች። መጋቢትና ሚያዝያ ሲደርስ ትጠፋለች። ይህን ያስተዋልኩት ደብተሬን ወደኋላ ገልጬ ነው። የት እንደሚገኙ ያሳየኝ ግን አንድ እረኛ ልጅ ነው። «አዴ፣ እዚያ ጋ ሂጂ፣ እዚህ የሉም» ይለኛል፤ ተሳስቶ አያውቅም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቦዬ ጉማሬ አለ። ጉማሬ ሲመሽ ሣር ለመጋጥ ይወጣል፤ በእሱና በውሃው መካከል የተገኘ ሰው ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ስለዚህ ጠዋት፣ ፀሐይ ከወጣ በኋላ፣ ከዳር ሆኖ ማየት ነው። ገለል ያለ ቦታም ብቻዬን አልሄድም።

ወፍ የማይጥመው ሰው ሌላ ይሞክር። ጅሬን ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደው ዳገት በእግር ሲወጡት ጥሩ ላብ ያወጣል፤ ከላይ ከተማው በሙሉ ይታያል። የበልግ ዝናብ ጣል ሲያደርግ ደግሞ ቡና ያብባል። አበባው የሚቆየው ጥቂት ቀን ነው፤ ነጭ ሆኖ ሽታው መንገድ ድረስ ይመጣል። በቡና አገር እየኖርን ስንቶቻችን ቆመን አሽትተነዋል?

አሁን ሦስት ሆነናል። አንዲት ባሏ የሞተባት ነርስና አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ተጨምረዋል። ጋሼ ዓይናቸው ደከም ስላለ እሳቸው ጸሐፊ ናቸው፤ እኛ እየነገርናቸው ይመዘግባሉ። እጅ ጽሑፋቸው ያምራል፣ ግን በየወፉ ላይ ይከራከሩናል። ስንመለስ ቡና እኔ ቤት ነው። ሰው አሁንም «ምን ጠፍቶሽ ነው የምትፈልጊው?» ይለኛል። ደብተሩን አሳየዋለሁ፤ ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ «እስቲ ያቺ ምን ትባላለች?» ብሎ ይቆማል።

ሁለት ነገር ልጠይቅና ላብቃ። እናንተ ከሪዞርቱ ጎን በታክሲ ሒሳብ የሚደረስበትን ቦታም ጻፉልን፤ የደሴና የጎንደር ሰዎች የት እንደሚሄዱ ማወቅ እፈልጋለሁ። የእግረኛ መንገድ የሚሠሩ ከተሞች ደግሞ አግዳሚ ወንበርና ንጹሕ መጸዳጃ ቤት አይርሱ። ወጣቶቹ ላያስቡት ይችላሉ እንጂ በእኛ ዕድሜ የትኛው መንገድ እንደሚያስኬደን የሚወስነው መጸዳጃ ቤቱ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከጅማ