333 ኪሎ ሜትር ስንት ሰዓት ነው? ለባሕር ዳር ከተማ የቱሪዝም ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

ቲኬት በመቁረጥና እንግዳ በመሸኘት ሥራ ላይ ያለን የከተማዋ ነዋሪዎች ነን። ለመንገደኛ የሚሆን መረጃ ስታዘጋጁ የአዲስ አበባው በረራ ርቀትና ጊዜ በትክክል እንዲሰፍር እንጠይቃለን፤ በየእጁ የሚዞረው ወረቀት እርስ በርሱ ይጣላል።

ከደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ቦሌ በቀጥታ መስመር 333 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአብራሪዎች መለኪያ 180 ኖቲካል ማይል። ስሕተቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። «ማይል» የሚለውን ያየ ሰው እንደ የብስ ማይል በ1.609 ያባዛና 290 ብሎ ይጽፋል። የኖቲካል ማይል ማባዣ 1.852 ነው፤ ከ43 ኪሎ ሜትር በላይ በከንቱ ቀለጠ ማለት ነው። ሌላው ደግሞ የመኪና መንገዱን ርቀት ይገለብጣል። በደብረ ማርቆስና በዳንግላ የሚዞረው አስፋልት ከ550 ይበልጣል፤ አውሮፕላን ግን ዓባይ በረሃን ወርዶ አይወጣም።

በዚህ መስመር የሚመላለሰው ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 ኪው 400 ከፍታውን ይዞ ሲደላደል በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። 333ን ለ660 ያካፈለ «30 ደቂቃ» ይላል። ስሌቱ ልክ ነው፤ ለመንገደኛ ግን አይሆነውም። ሲወጣና ሲወርድ ያን ያህል አይፈጥንም፣ መሬት ላይ ይንፏቀቃል፣ ቦሌ ወረፋ ካለ አየር ላይ ይዞራል፣ በክረምት የነጎድጓድ ደመና ካገኘ ጠምዝዞ ያልፋል። የቲኬቱ ጊዜ የሚቆጠረው ከመቆሚያው ከተንቀሳቀሰበት አንሥቶ ሌላው መቆሚያ ላይ እስኪቆም ነው፤ አንድ ሰዓት ግድም ብላችሁ ጻፉ። ጄት ቢመደብም በዚህች አጭር መንገድ የሚያተርፈው ጥቂት ደቂቃ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበን የሰዓት አቆጣጠሩ ነው። ቲኬቱ 07:00 ካለ በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። 7 ሰዓት ብሎ ያነበበ ምሳውን በልቶ ይመጣል፤ አውሮፕላኑ ከሄደ 6 ሰዓት ሆኖታል። ይህንንስ ብዙው ሰው ለምዶታል፤ የሚያሞኘው የሌሊቱ ነው። ከቦሌ ወደ ውጭ የሚወስደው ቲኬት «ሴፕቴምበር 12 ቀን 2025፣ 00:30» ቢል፣ ቀኑ ሲመለስ መስከረም 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ይሆናል። በእኛ አነጋገር ግን መስከረም 1 ለ2 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6:30 ነው። ስለዚህ ከባሕር ዳር መነሣት ያለበት በእንቁጣጣሽ ዕለት ነው። «በረራዬ መስከረም 2 ሌሊት ነው» ብሎ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የተነሣ፣ ቦሌ ሲደርስ የውጭው አውሮፕላን ከሄደ ከግማሽ ቀን በላይ አልፏል።

በአውሮፕላን ማረፊያው መውጫና በመናኸሪያው አንዳንድ ሰሌዳ ይበቃል፦ «ባሕር ዳር – ቦሌ፦ በአየር 333 ኪሎ ሜትር፣ ከመቆሚያ እስከ መቆሚያ 1 ሰዓት ገደማ። ቲኬት ላይ ያለው ሰዓት የፈረንጅ ነው፤ 07:00 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 6 ቀንሱ፣ 13 ወይም ከዚያ በላይ ከመጣ እንደገና 12 ቀንሱ፤ ከ07:00 በታች ከሆነ 6 ጨምሩ። ከ00:00 እስከ 06:00 ያለው በረራ የዋዜማው ሌሊት ነው።» የየቀኑን የበረራ ሰዓት ግን በቀለም አታስጽፉት፤ ስለሚቀያየር በሚነሣ ወረቀት ይለጠፍ።

ከአክብሮት ጋር፣
ቲኬት ቆራጮችና አስጎብኚዎች
ባሕር ዳር