ሰው አይምረጥልሽ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ጥቅምት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሚጣዬ፣

እንኳን 18 ዓመት ሞላሽ። ዘግይቻለሁ፣ አውቃለሁ። ስደውል አላነሳሽም፤ ለልደት ደግሞ ቴክስት አልወድም። ስለዚህ በወረቀት። ቅዳሜ ቅዳሜ እያለቀስሽ የተማርሽው ፊደል ዛሬ ይሠራልሻል። ያልገባሽ ቃል ካለ አክስትሽን ጠይቂ። ለነገሩ ወሬውን ያመጣችውም እሷ ናት።

የለጠፍሽውን ስክሪንሾት አንስታ ላከችልኝ። «ሁለቱም ያሰለቹኛል፤ ዘፋኜ ያለችውን እመርጣለሁ» ብለሻል። ከሥሩ የሚስቅ ፊት። ደለስ ኤርፖርት መኪናዬ ውስጥ የተሳፋሪ ተራ ስጠብቅ ነበር ያየሁት። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ጡሩምባ እስኪነፋብኝ ድረስ ደጋግሜ አነበብኩት።

አልተቆጣሁም። እሺ፣ ትንሽ ተቆጥቻለሁ።

ያሰለቹኛል ማለትሽ እውነት ነው። የሃሪስንና የትረምፕን የፕሬዚዳንትነት ክርክር እኔም አይቻለሁ፤ አንቺ ካለሽበት ከፊላደልፊያ ነበር የተላለፈው። የተጠየቁትን ትተው ያልተጠየቁትን ሲመልሱ አመሹ። ግን የእድራችንን ሰብሳቢ ታውቂዋለሽ። እሱ ንግግር ሲጀምር ሰው ሁሉ ቡና ሊቀዳ ይነሳል። አንቺ ራስሽ በልጅነትሽ እግሬ ላይ የምትተኚው እሱ ሲናገር ነበር። በየዓመቱ የምንመርጠው ግን እሱን ነው። ሰው ሲሞትብን አስከሬን ወደ አገር ቤት የሚሄድበትን ወረቀት ሮጦ ይጨርሳል፤ ገንዘባችንንም እስከ ሳንቲሟ ያውቃታል። ጨዋታ አዋቂ ሰው አጥተን አይደለም። አንድ ጊዜ ጨዋታ አዋቂውን መርጠን የሆነውን እናትሽ ትንገርሽ።

ዘፋኝሽን አልሰድብም። ሴፕቴምበር 10 ክርክሩ እንዳለቀ ቴይለር ስዊፍት ድመቷን ታቅፋ የተነሳችውን ፎቶ ለጠፈችና ሃሪስን እመርጣለሁ አለች። በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ 406 ሺህ ሰው በሷ ሊንክ የመንግሥት የምርጫ ድረ ገጽ ውስጥ ገባ። ትንሽ አይደለም። መግባትና መምረጥ ግን ለየቅል ነው። ደግሞ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አንብቢው። እኔ አጣርቼ መርጫለሁ፣ ማጣራቱም ምርጫውም የእናንተ ነው ትላለች። አድናቂዋ አንቺ፣ እሱን መስመር ያነበብኩት እኔ!

ሌላውም ወገን ያው ነው። ሐምሌ ላይ የትግል ስፖርተኛው ሃልክ ሆጋን በ70 ዓመቱ ሚልዋኪ የሪፐብሊካኖች ጉባኤ መድረክ ላይ ወጥቶ ለትረምፕ ካናቴራውን ቀደደ። ትናንት ማታ ቢዮንሴ ሂውስተን ላይ ወጣች፤ ሰው ዘፈን ሲጠብቅ ለሃሪስ ንግግር አድርጋ ወረደች። ኢሎን መስክ ደግሞ ለትረምፕ ብሎ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ የራሱን ፔቲሽን ከፈረሙ የተመዘገቡ መራጮች መሀል እያወጣ በየቀኑ 1 ሚሊዮን ዶላር እያደለ ነው። የጀመረው እዚያው እናንተ ጋ፣ ሃሪስበርግ ነው። እንዳትፈርሚ። ብር ሲያምርሽ ለኔ ደውዪ።

ዝነኛ ሰው ምንም አያመጣም እያልኩሽ አይደለም። ያመጣል። በፈረንጆቹ 2008 ምርጫ የቴሌቪዥን አቅራቢዋ ኦፕራ ኦባማን በመደገፏ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ሁለት ኢኮኖሚስቶች ነገሩን አጠኑት። መጽሔቷ በብዛት የሚሸጥበትንና እሷ የመረጠቻቸው መጻሕፍት የሚገዙበትን አካባቢ ከድምፁ ጋር አስተያዩት። ወደ 1 ሚሊዮን ድምፅ ጨምራለታለች ብለው ገመቱ። ልብ በይ፣ ይህ በፓርቲው የውስጥ ምርጫ ነው። ተወዳዳሪዎቹ የአንድ ቤት ልጆች፣ የሚያወሩትም ተመሳሳይ። ሰው መለየት ሲያቅተው የሚያውቀውን ፊት ይከተላል። አንቺም የጻፍሽው ይህንኑ ነው።

ሰው አይምረጥልሽ፣ ልጄ።

አሁን ነግሬሽ የማላውቀውን ልንገርሽ። ግንቦት 7 ቀን 1997። አንቺ አልተወለድሽም። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት፣ ሚያዝያ 30፣ መስቀል አደባባይ ነበርኩ። ያን ያህል ሰው አንድ ቦታ አይቼ አላውቅም። ሁለት ጣቴን እንደቀሰርኩ በእግሬ ኮልፌ ገባሁ። ሁለት ጣት የቅንጅት ምልክት ነበር፣ ንብ የኢሕአዴግ። ያኔ ማንም አላሰለቸኝም። ልቤ ሞልቶ ፈሶ ነበር።

አያትሽ፣ እማዬ፣ ማንበብ አትችልም ነበር። ግን የምልክቱን ቦታ ካወቀች በጣት አሻራ መምረጥ ትችል ነበር። ደግሞ የራሷ ሰው ነበራት። በሰፈራችን በግሉ የተወዳደረ አንድ መምህር። ሲናገር ድምፁ አይሰማም። ቦኖ ውኃ መንደራችን እንዲገባ ቀበሌ ሲመላለስ ጫማውን የጨረሰው ግን እሱ ነው። ከዚያ በፊት እማዬ እንስራ አዝላ ዳገቱን ትወጣ ነበር። የሱን ውለታ በጀርባዋ ነው የምታውቀው።

ለምርጫው አንድ ሌሊት ሲቀረው ቁጭ አድርጌ አሠለጠንኳት። ካርቶን ላይ ሁለት ጣት ሣልኩና «እዚህ ጋ» አልኳት።

«መምህሩስ?» አለች።

«እሱ ብቻውን ምን ይፈይዳል? ድምፅሽን ውኃ ሊበላው ነው?»

«ቦኖውስ?»

ሳቅኩባት። ጋዜጣ የማነበው እኔ፣ ፖለቲካ የሚገባኝ እኔ። ካርቶኑን ዓይኗ ሥር አስጠጋሁላት። በመጨረሻ «እንዳልከው» አለች።

በማግሥቱ አብረን ተሰለፍን። ከመምረጫው ስትወጣ አውራ ጣቷ በቀለም ጠቁሯል። «ያልከውን አድርጌያለሁ። አሁን ልሂድ፣ ሽሮ እሳት ላይ ትቼ ነው የመጣሁት» አለችኝ። ፊቷን ልብ አላልኩትም። ጓደኞቼን እያቀፍኩ ነበር።

አዲስ አበባ ላይ 23ቱንም የፓርላማ ወንበር ተቃዋሚው ወሰደ። ከዚያ ሰኔ መጣ፣ ጥይት መጣ። ጥቅምት ላይ ተደገመ። አጎትሽ የሚያነክሰው ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ እሱን አልደግመውም።

እኔን ሌሊት ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ ሌላ ነው። አንድ ቀን መምህሩ በደጃችን ሲያልፍ፣ «እትዬ፣ መቼም እርስዎ ለኔ ነው የመረጡት» ብሎ ቀለደ። መውደቁን ያውቀዋል፣ ጨዋታ ነው። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ውኃ የምትቀዳው እሱ ቤት በማይኖርበት ሰዓት ነው። ጀሪካኗን አንጠልጥላ አጥሩን አሻግራ ስትመለከት አየኋት። መውጣት አለመውጣቱን እያየች። አየኋትና ምንም አላልኩም።

ለእማዬ ዘፋኟ እኔ ነበርኩ።

ዲቪ ደርሶን ስንወጣ ይቅርታ እጠይቃታለሁ ብዬ ነበር። ሻንጣ ስመዝን፣ በርበሬው ኪሎ በዛ አልበዛ ስል ረሳሁት። በስልክ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይነሳም፤ «እህል በላህ ወይ» ብላ ካርዱ ያልቅባታል። ስትሞት እኔ ተሳፋሪ ይዤ ሀይዌይ ላይ ነበርኩ።

እዚህም መጥቼ አልተማርኩም። በ2021 የቨርጂኒያ ገዥ ሲመረጥ የቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግ ላይ ሁሉም በየስልኩ የታወቀ ሰው ቪዲዮ ያሳያል፤ በአገራችን ጉዳይ ባይደንን ለመቅጣት እገሌን ምረጡ ይላል። ሪፐብሊካኑ ያንግኪን ወደ 63 ሺህ በሚሆን ድምፅ አሸነፈ። የኛ ሰው «እኛ ነን ያስመረጥነው» እያለ እስከ ዛሬ ይከራከራል። ያኔ ስለ ልጆቻችን ትምህርት ቤት የጠየቀ አላየሁም። እኔም አልጠየቅኩም። አንቺ እኮ ያኔ እዚያው ትምህርት ቤት ነበርሽ።

ስለዚህ ስሚኝ። ሰው አይምረጥልሽ። ዘፋኝም፣ ቢሊየነርም፣ አክስትሽም፣ የክፍል ጓደኛሽም። እኔም። ሁለቱንም ካልወደድሻቸው ግዴለም፤ ልትዳሪላቸው አይደለም። የትምህርት ብድርሽን፣ የሐኪም ቤት ወጪሽን፣ የእናትሽን ወንድም ቪዛ፣ የሚነካሽን ሦስት ነገር ጻፊ። ከዚያ ማን ምን እንዳደረገ እይ። ያለውን ሳይሆን ያደረገውን። አንድ ማታ ይበቃሻል፤ ለቲክቶክ ከምትሰጪው ጊዜ ያንሳል።

ቤት መቀመጥ ደግሞ አይታሰብም። እናንተ ስቴት፣ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ፣ በፈረንጆቹ 2016 የፕሬዚዳንት ምርጫ የነበረው ልዩነት ወደ 44 ሺህ ድምፅ ነው። የአንድ ስታዲየም ሰው አያክልም።

የምርጫ ወረቀቱ በፖስታ መጥቶልኛል ብለሻል። መጀመሪያ ትንሹ ኤንቨሎፕ ውስጥ ታስገቢያለሽ፣ እሱን ደግሞ ትልቁ ውስጥ። ትንሹን ከረሳሽው ድምፅሽ አይቆጠርም። ትልቁ ላይ ትፈርሚያለሽ፣ የፈረምሽበትንም ቀን ትጽፊያለሽ። እንዳትስቂ፣ እኔ አንድ ጊዜ ፎርም ላይ የኛን ዓመተ ምሕረት ጽፌ አስመልሰውኛል። ኖቬምበር 5 በፈረንጅ ሰዓት ከምሽቱ 8 ሰዓት በፊት እጃቸው መግባት አለበት። ፖስታ ቤት አትመኚ፤ ራስሽ ሄደሽ የምርጫ ሳጥኑ ውስጥ ክተቺው። ለጓደኛሽም አትስጪ። ወፍራሙን ጃኬት ልበሺ፣ ያንን ቀጭኑን አይደለም።

ድርቆሽና ቋንጣ በአክስትሽ ልጅ ልኬልሻለሁ። ትልቁ ከረጢት ያንቺ ነው፣ ትንሹ ለዚያች ጾም ለምትጾመው ጓደኛሽ፤ የሷ ቋንጣ የለበትም። እንዳታቀያይሪው። በርበሬውን እናትሽ ለብቻ ጠቅልላዋለች።

የኔ እናት፣ አያትሽ ብታይሽ ምን ትል እንደነበር አስባለሁ። አውራ ጣትሽ የሷ ነው፣ አጭርና ሰፊ። ስትወለጂ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው።

ለጥፈሽ ስታበቂ አይደለም፣ ሳጥኑ ውስጥ ከተሽ ስትመለሺ ደውዪልኝ። ማንን እንደመረጥሽ እንዳትነግሪኝ። ብጠይቅሽም እንዳትነግሪኝ፤ እጠይቅሻለሁና።

አባትሽ

ይድረስ ካልኩ በኋላ፦ ትንሹ ኤንቨሎፕ። እንዳትረሺው።