የጥልፉ ጀርባ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፣ ጎንደር

እማዬ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ከናንተ ናፍቆት በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ስቶክሆልም በረዶው አልለቀቀም። በስልክ እያወራን ደብዳቤ ምን አስፈለገ ትይኝ ይሆናል። ስልኩ ቶሎ ቶሎ ይቆረጣል፣ ይሄ ደግሞ ረጋ ተብሎ የሚወራ ነው። እህቴ ታንብብልሽ።

ቀሚስ ሰፋሁ እማዬ። በገዛ እጄ።

አምና በመንገደኛ የላክሽልኝን ሸማ ታስታውሽዋለሽ? ያ የአዲስ ዓለሙ ሸማኔ የሠሩት። መጀመሪያ እዚህ ላለ ልብስ ሰፊ ወስጄው ነበር። ሰውየው ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ መቀሱን ሲያነሳ ልቤ ፈራ። ጥበቡ ከጨርቁ ጋር አብሮ የተሸመነ ስለሆነ ጫፉ የት እንደሚያርፍ ሳይታወቅ መቀስ አይገባበትም። እሱ ግን እንደማንኛውም ጣቃ ከፈለገው በኩል ሊጀምር ነው። ይቅርታ ብዬ አጣጥፌ ይዤው ወጣሁ።

ከዚያ ሦስት ሳምንት ያህል ጨርቁን እያየሁ ብቻ ከረምኩ። ከቅዳሜ ገበያ ጥጡን ገዝተሽ ስትመጪ፣ ፍሬውን በመዳመጫ ስታወጪ፣ በደጋን ስትነድፊ፣ ባዘቶውን ይዘሽ እንዝርቱን ጭንሽ ላይ ስታሾሪ ታየኝ። ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፤ ማጉ ግን ያንቺ ነው። ሸማውን በጣቴ ስዳብሰው አንዳንድ ቦታ ወፈር ይላል። እዚያ ላይ እጄ ይቆማል። እዚህ ጋ ጎረቤት ጠርታሽ ይሆናል፣ ወይ ቡናው ገንፍሎ ተነስተሽ ይሆናል እላለሁ።

ስፌቱ ብዙም አልከበደኝም። ጥልፉ ነው ያለቀስኩበት።

ከአንገት እስከ እምብርት የሚወርደውን መስቀል በወይን ጠጅ ክር ጀመርኩ፣ ልክ እንዳንቺ የሠርግ ቀሚስ። ሌሊት ሥራ ላይ፣ አረጋውያኑ ከተኙ በኋላ፣ በዕረፍት ሰዓቴ ነበር የምጠልፈው። አንድ ሳምንት ለፍቼ ፊቱ ሲያምር ደስ አለኝ። ከዚያ እማሆይ ትዝ አሉኝ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጥልፍ ስታሳዪያቸው መጀመሪያ ገልብጠው ጀርባውን ነበር የሚያዩት። "ፊቱማ ለሰው ነው፣ ገላሽን የሚነካው ጀርባው ነው" ይሉሽ ነበር። ገለበጥኩት። ቋጠሮ በቋጠሮ፣ ክሩ ወዲህና ወዲያ የተዘለለበት። ፈታሁት። ድጋሚ ጠልፌ ድጋሚ ፈታሁት። ሦስተኛው ላይ ነው የቀናኝ።

አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ያላት የ90 ዓመት እናት አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ጨርቁን ከእጄ ተቀበለችኝ። ምን አደረገች መሰለሽ? ገልብጣ ጀርባውን አየችው። ከዚያ እጄን ያዝ አድርጋ መለሰችልኝ። እንባዬ መጣ።

የጥምቀት ለት ለበስኩት። ከውስጥ ወፍራም ሹራብ፣ ከላይ ነጠላዬን ደርቤ። ከተራ ዕለት ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ በስልክ እያየሁ ነው የተኮስኩት። የሥራ ጓደኞቼ ስለ በዓሉ ሲጠይቁኝ በ2012 ዓ.ም በዩኔስኮ እንደተመዘገበ ነገርኳቸው። ለኔ ግን ጥምቀት የሚጀምረው አንቺ ሳጥኑን ከፍተሽ ቀሚስሽን ስታወጪ፣ ቤቱን ሽታው ሲሞላው ነው። "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" እያልሽ ስታስለብሽኝ።

ቤተ ክርስቲያን ልጆቹ ከበቡኝ፤ ከየት ገዛሽው አሉኝ። ብዙዎቹ የለበሱት ጥለቱ በፋብሪካ የታተመበትን ነው። እነሱን አልወቅስም፤ የእጅ ሥራው ውድ ነው፣ ከአገር ማስመጣቱም ሌላ ጣጣ። ግን እማዬ፣ ሸማኔው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከትቶ ክር በክር የሚያወጣውን ጥበብ በማሽን በቀለም ታትሞ በዚያው ስም ሲሸጥ ያመኛል። ሁለቱ ልጆች ጥልፍ አስተምሪን ብለውኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ቤት እንገናኛለን፣ ቡናም እናፈላለን።

አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። አባዬ ያረፈ ጊዜ፣ እንዳትጨነቂብኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩሽ፣ ነጠላዬን ዘቅዝቄ ሦስት ቀን ብቻዬን ተቀመጥኩ። የሚያይልኝ ሰው ባይኖርም ማድረግ ነበረብኝ። ያንኑ ነጠላ ነው ዘንድሮ ለጥምቀት አጥቤ የለበስኩት።

አሁን የምለምንሽ ነገር አለ። ያቺ ደላላ ደግማ ብትመጣም የሠርግ ቀሚስሽን እንዳትሸጪ። ብር ከቸገረ ንገሪኝ፣ እኔ እልካለሁ። መንገደኛ ካገኘሽ የፈተልሽውን ሁለት ልቃቂት ላኪልኝ፤ ልጆቹ እንዲያዩት ነው። እና ደግሞ የእጅጌሽ ጥልፍ ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ ክሩ እንዴት እንደሚዞር አልገባኝም። እህቴ ፎቶ ታንሳልኝ። ጀርባውን ገልብጣ።

ጉልበትሽን አደራ፣ ብርድ እንዳይመታሽ።

ናፋቂ ልጅሽ