ምስሉ መጣ፣ ድምፁስ?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰዓት ስጠግን ኖሬያለሁ። በዓይን የማትታይ ብሎን ፈትቼ መልሼ ገጥሜያለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ቴሌቪዥን ሁለት ቀን አንበረከከኝ።

ጣጣው የጀመረው ገና ከካርቶኑ ሲወጣ ነው። ባለ 55 ኢንች ነው። የድሮው መሃል ላይ አንድ እግር ስለነበረው የትም ይቆም ነበር። የአዲሱ ሁለት እግሮች ግን ግራና ቀኝ ጫፍ ላይ ናቸው። ኢንቹ በሰያፍ እንደሚለካ አውቃለሁ፤ ወርዱ 122 ሴንቲ ሜትር ገደማ እንደሚሆንም አስልቼ ነበር። የእግሮቹን ርቀት ለካ ብሎ ግን ማን ነገረኝ? ጠረጴዛዬ አጠረ። ቴሌቪዥኑም እንደ እንግዳ ፍራሽ ግድግዳ ተደግፎ አደረ።

ዋናው ጉዳዬ ግን ድምፁ ነው። አብሮት የገዛሁትን ሳውንድባር፣ ማለትም ረጅሙን የድምፅ ማጉያ፣ ምስልና ድምፅ አብሮ በሚያስተላልፈው በኤችዲኤምአይ ገመድ አገናኘሁት። ምስሉ ቁልጭ ብሎ መጣ፤ ሳውንድባሩ ጭጭ። ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ ገመዱን ገለበጥኩ። ወዮ! አብሮት የመጣው ወረቀት ላይ አንድም ቃል የለም፤ ሥዕል ብቻ ነው። እጅ፣ ቀስት፣ ኤክስ የተደረገበት ብሎን መፍቻ። ባለቤቴ "አንተ ሰውዬ፣ ይሄ እኮ ሰዓት አይደለም፤ ለልጆቹ ተውላቸው" አለችኝ። እልህ ያስያዘኝ ይሄ ነው።

የሥራ ማጉያዬን ዓይኔ ላይ አድርጌ ከጀርባው ገባሁ። ሦስት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳዎች አሉ፤ መንትዮች ናቸው። ከሁለተኛው ሥር ግን፣ ጥቁር ፕላስቲክ ላይ በጥቁር የተቀረጸች "ኤአርሲ" የምትል ጽሑፍ አገኘሁ። ለካስ ከሦስቱ ቀዳዳዎች የቴሌቪዥኑ ድምፅ ወደ ሳውንድባሩ የሚወጣው በዚያች ብቻ ነው! ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2009 ከኤችዲኤምአይ 1.4 ጋር የመጣ ነው። ያን ያህል ጊዜ ቀዳዳዋን አንድ ቀለም መቀባት አቃታቸው? በድሮው ገመድ ቢጫው የምስል፣ ነጭና ቀዩ የድምፅ ነበር። ሕፃን ልጅም ይሰካዋል።

ቀዳዳዋን ካገኘሁ በኋላም ዝም አለ። ሴቲንግ ውስጥ "ሲኢሲ" የሚባል፣ ዕቃዎቹን በገመዱ በኩል የሚያናብብ ነገር መከፈት ነበረበት። እሱን ብፈልግ፣ ብፈልግ የለም። ለካ እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱን የቁልምጫ ስም አውጥቶለታል! አንድ ምሽት የበላው ይሄ ስም ነው።

የዋይፋይ ፓስወርድ በሪሞት ቀስት አንድ በአንድ እየለቀምኩ ስለማስገባቴ አላወራም። አሮጌ ፊልም ከፍቼ ተዋናዮቹ በረዶ ላይ የሚንሸራተቱ የመሰሉበትን ግን ልንገራችሁ። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል ነው፤ ቴሌቪዥኑ በየመሃሉ የራሱን እየፈጠረ ይሰካበታል። ማን ለመነው? ከሴቲንጉ አጠፋሁት፤ ፊልሙ ፊልም ሆነ።

ፋብሪካዎቹ ይህን ያነባሉ ብዬ አይደለም የምጽፈው። ጋዜጣችሁ ስለ አዲስ ቴሌቪዥን ሲጽፍ ስለ ምስሉ ጥራት ብቻ ነው የሚጽፈው። እባካችሁ በእግሮቹ መካከል ስንት ሴንቲ ሜትር እንዳለና የድምፁ ቀዳዳ ስንተኛዋ እንደሆነች ጨምሩልን። ሁለት መስመር ይበቃል።

ቴሌቪዥኑ አሁን የሰዓት መጠገኛ ጠረጴዛዬ ላይ ቆሟል። እሱ ብቻ ነው የበቃው።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ ሰዓት ጠጋኝ